ደዋዩ ስሜን ከየት አወቀው?

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አስካለ ነዎት? ከባንክ ነው የምደውለው። ልጅዎ ሄለን ከአሜሪካ የላከችልዎ ገንዘብ ሲስተም ላይ ተይዟል። አሁን በቴክስት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝና ወዲያው እለቅልዎታለሁ።»

ወይዘሮ አስካለን ለምሳሌ ነው ያመጣኋቸው። ስልኩ ግን በየቤቱ የሚደወል ነው። ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ልጆች ይቆጣሉ። «ለማይታወቅ ሰው እንዴት ኮድ ይሰጣል?» ይላሉ። እናት ግን መልስ አላቸው። «ስሜን ጠራ፣ የልጄን ስም ጠራ፣ አሜሪካ መሆኗን ተናገረ። ከባንክ ካልሆነ ከየት ያውቃል?»

ይሄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ስለ ኢንተርኔትና ስለ ግል ሕይወት ከሚጠየቀው ሁሉ ዋናው ይሄ ይመስለኛል። በቁጣ አይመለስም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ስም ማወቅ ከሁሉም ይቀላል። በባንክ አፕ ገንዘብ ለመላክ የሒሳብ ቁጥር ሲያስገቡ የባለ ሒሳቡ ስም ይወጣል። ገንዘቡ ለሌላ ሰው እንዳይሄድ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን የሒሳብ ቁጥርዎን ያገኘ ሰው ሁሉ፣ አንድ ብር እንኳ ሳይልክ፣ ስምዎን ያያል ማለት ነው። የሒሳብ ቁጥርዎስ የት አለ? የእድር ገንዘብ ያዥ ከነበሩ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ለሠርግ ወይም ለሕክምና መዋጮ ሰብስበው ከነበረም እንደዚያው።

ሁለተኛው መንገድ የደዋይ ስም የሚያሳዩት አፖች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚሠሩት የተጠቃሚዎቻቸውን የስልክ ማውጫ ሰብስበው ነው። እርስዎ አፑን ጭነውት ባያውቁም፣ የጎረቤትዎ ልጅ ከጫነውና ማውጫውን ከፈቀደ ቁጥርዎ ይገባል። የሚገባው ደግሞ ሰው በመዘገበዎት ስም ነው። እኛ አገር ሰው እንዴት ስልክ እንደሚመዘግብ ያውቁታል፤ «አስካለ እድር»፣ «እትዬ አስካለ የሄለን እናት»፣ «አስካለ 4ኛ ፎቅ»። ከስም አልፎ ሰፈርዎንና ቤተሰብዎን የሚናገር ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ምንም አልለጠፉም። ቁጥርዎ ግን ስለ እርስዎ ያወራል።

አሜሪካ ያለችውን ልጅ ደግሞ ፌስቡክ ይናገራል። ሄለን ለልደትዎ ፎቶ ለጥፋ «እማዬ ኑሪልኝ» ብላ ታግ አድርጋዎታለች። የእሷ ፕሮፋይል ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ» የሚል አለ። ከሥር 80 ሰው «እትዬ አስካለ፣ ረጅም ዕድሜ!» ብሎ ጽፏል። ገንዘብ መላኳን ግን ማንም አልነገረውም፤ ገምቶ ነው። ውጭ አገር ልጅ ያለው ወላጅ ገንዘብ እንደሚላክለት ለመገመት ብዙ ብልህነት አይፈልግም።

እንግዲህ ይሄው ነው። ሌባው ምንም ሰብሮ አልገባም። ሜዳ ላይ ያለውን ለቃቅሞ አንድ ወረቀት ላይ አስቀመጠው። ሰዎች «ዲጂታል ዱካ» የሚሉት ይሄንን ነው። እርስዎ የጻፉት፣ ሌሎች ስለ እርስዎ የጻፉት፣ አፖች ደግሞ ዝም ብለው የሚመዘግቡት ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ደወለ ማለት የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ሁሉ ነገር በእጁ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይወስድ ነበር። የጎደለችው ያቺ በቴክስት የምትመጣው ቁጥር ናት፤ ኦቲፒ የሚሏት። ለምን መጣች? እሱ በዚያው ሰዓት የራሱ ስልክ ላይ የእርስዎን ቁጥር አስገብቶ የባንክ አፕዎን ወይም ቴሌግራምዎን ሊከፍት እየሞከረ ስለሆነ ነው። ሲስተሙ «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ወደ እርስዎ ላከ። ቁጥሩን ሲያነቡለት «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈትለት» ብለው ፈቀዱ ማለት ነው።

ባንክ ያንን ቁጥር ከእርስዎ አይጠይቅም። የላከው እሱ ራሱ ነው፤ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ የደወለው ሰው ስምዎን ጠርቶም፣ በቤተ ክርስቲያን ምሎም ቢሆን ስልኩን ይዝጉት። ይሉኝታ ይይዛል፣ አውቃለሁ፤ የኛ ሰው ስልክ ፊት ላይ መዝጋት ነውር ይመስለዋል። ይዝጉት። ከዚያ ካጠራጠረዎት በራስዎ ጣት ይደውሉ፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994። የደወለልዎ ቁጥር ላይ መልሰው አይደውሉ።

በቴሌግራም የሚመጣውም ዘዴ ያው ነው። የሚያውቁት ሰው «ልጄ ውድድር ላይ ነች፣ እባክዎ ድምፅ ይስጡልኝ» ብሎ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሲያስገቡ ቴሌግራምዎ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ከዚያ በእርስዎ ስም ለዘመድ አዝማዱ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር» የሚል መልእክት ይሄዳል። ሰው የሚሰጠው እርስዎን ስለሚያምን ነው።

ስልክ ቁጥርዎ በማን ስም ነው?

ድሮ ስልክ ቁጥር ለመደወል ብቻ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ቁጥሩ የገንዘብ ቦርሳ ሆነ። ቀጥሎ ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ መጣ፤ ማንነትዎ ሲረጋገጥ ኦቲፒው የሚመጣው ባስመዘገቡት ስልክ ነው። ባንኩም፣ ቴሌግራሙም፣ ጂሜይሉም እዚያው ቁጥር ላይ ታስረዋል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ሲም ካርዱን አይርሱ።

ብዙ ወላጆች የያዙት ሲም የወጣው በልጅ፣ በዘመድ፣ አንዳንዴም ድሮ ቤት ውስጥ በሠራች ልጅ ስም ነው። በደህና ጊዜ ችግር የለውም። ስልኩ የተሰረቀ ቀን ግን ሲሙን ለማስቀየር ባለ ስሙ መቅረብ አለበት። ባለ ስሙ ቤሩት ከሆነስ? ጊዜ ሲያገኙ መታወቂያ ይዘው ሄደው ወደ ራስዎ ስም ያዛውሩት።

አሮጌ ሲም መጣልም እንደዚሁ ጣጣ አለው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲከፍት የእርስዎ አካውንት እዚያው ቁጥር ላይ ተቀምጦ ካገኘው፣ ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው። ቁጥር ሲቀይሩ መጀመሪያ ባንኩን፣ ቴሌግራሙን፣ ፌስቡኩን ወደ አዲሱ ያዙሩ። ከዚያ አሮጌውን ይተዉት።

ስለ ፒን አንድ ቃል። የትውልድ ዓመትዎን አያድርጉት። ልደትዎ ፌስቡክ ላይ አለ። «እኔ የማደርገው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» የሚል አባት አጋጥሞኛል፤ ሌባውም እኮ ሐበሻ ነው፣ ሰባትና ስምንት መቀነስ አያቅተውም።

ስልክ ቤቱ የከፈተው ጂሜይል

ይሄ ብዙ የማይወራ፣ ግን በየሰፈሩ ያለ ጉዳይ ነው። ልጅ ስልክ ገዝቶ ያመጣል ወይም ይልካል። ወላጅ ስልክ ቤት ይሄዳሉ። የስልክ ቤቱ ልጅ «ጂሜይል አለዎት?» ይላል። የለም። በራሱ ስም ይሁን በፈለገው ስም አንድ ይከፍታል፣ ፓስወርድ ይሰጠዋል፣ አፖቹን ይጭናል፣ ብር ይቀበላል። ፓስወርዱን እርስዎ አያውቁትም። እሱ ግን ያውቃል፤ ቢያንስ የዚያን ቀን ያውቀዋል።

ያ ጂሜይል ታዲያ የስልኩ ባለቤት ነው። የሚያነሷቸው ፎቶዎች፣ የመዘገቧቸው ቁጥሮች፣ ዩቲዩብ ላይ ያዩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ስልክ ቢጠፋ ፈልጎ የሚያገኘውና የሚዘጋውም እሱ ነው። ልጁ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ግን የቤት ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ትቶ መኖር አይመችም።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ስልኩን ይክፈትና «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጉግል» የሚለውን ይጫን። ላይ የሚወጣውን አድራሻ ይመልከት። የማን ነው? ፓስወርዱ ካልታወቀ አዲስ በእርስዎ ስምና በእርስዎ ስልክ ቁጥር ይክፈትልዎ፤ አሮጌውን ከስልኩ ያውጣው። አዲሱን ፓስወርድ ደብተር ላይ ጽፈው ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት እኔ አልቃወምም። ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች «ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም» ይላሉ። ጅዳ ሆኖ የሚሰርቅዎ ሰው ሳጥንዎን አይከፍትም። ስልኩ ሽፋን ውስጥ ብቻ አይክተቱት።

ስልክ ቤቱ የጫነልዎትን አፕም ይዩ። «ቴሌግራም ነው፣ ግን ይሄኛው ይሻላል» ተብሎ የተጫነ፣ ከፕሌይ ስቶር ያልመጣ ነገር ካለ ይጥፋና ትክክለኛው ይጫን። በቴሌግራም ግሩፕ «የባንክ ስጦታ» ተብሎ የሚላክ የሚጫን ፋይል ደግሞ በጭራሽ አይንኩ። የሚመጣውን ቴክስት አንብቦ ለሌባው የሚልክ አፕ አለ። ያን ጊዜ ኮዱን ማንበብ እንኳ አያስፈልግዎትም።

ስልኬ ይሰማኛል ወይ?

«ስለ ጉልበቴ ሕመም ከእህቴ ጋር አወራሁ፣ ወዲያው የጉልበት መድኃኒት ማስታወቂያ መጣ።» ይሄን ያልሰማ የለም። ስልክ ወሬ እየሰማ ማስታወቂያ ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም። የሚያሳዝነው፣ መስማት አያስፈልገውም። ባለፈው ሳምንት ስለ ጉልበት የሚያወራ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይተዋል። ሌላውን ቶሎ አልፈው እዚያ ላይ ቆመዋል። ቲክቶክም ፌስቡክም የሚቆጥሩት ይሄን ነው፤ ላይክ ባያደርጉም፣ ምንም ባይጽፉም፣ የት ላይ እንደቆዩ ይመዘገባል። ዕድሜዎም እዚያ አለ። እህትዎም ስለ ራሷ ጉልበት ፈልጋ ይሆናል።

ችግሩ ማስታወቂያው አይደለም። ችግሩ ከሥሩ ያለችው «ስልክዎን ያስቀምጡ፣ እንደውላለን» የምትል ሣጥን ናት። ስኳርን በ15 ቀን እናድናለን የሚሉት በዚህ ነው የሚያጠምዱት። ቁጥር ሲያስገቡ «ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ያለበት፣ የሚያምን» ተብለው ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል። ስለ ሕመምዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ለማስታወቂያ አይንገሩ። አንድሮይድ ስልክ ላይ «ፕራይቨሲ»፣ ቀጥሎ «አድስ» ውስጥ ገብቶ «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ» የሚለውን መጫን ክትትሉን ትንሽ ያዳክመዋል። ትንሽ ነው ያልኩት።

ልጆች የሚለጥፉት

እዚህ ላይ ለልጆችም አለኝ። አብዛኞቹ ወላጆች ኢንተርኔት ላይ ያላቸው ዱካ ራሳቸው የተዉት አይደለም። እኛ ነን የተውንላቸው።

አባት ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጅ ፎቶ ያነሳል፤ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ጥርስ ወልቆ፣ ፒጃማ ተከፍቶ። «አባቴን በጸሎት አስቡልኝ» ብሎ ይለጥፋል። ሐሳቡ ፍቅር ነው። ሰውዬው ግን 40 ዓመት ሙሉ ክራባት ሳያስሩ ከቤት ያልወጡ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። ተጠይቀው ቢሆን እሺ ይሉ ነበር?

መዋጮ ሲሆን ደግሞ የሪፈር ወረቀቱ ሙሉውን ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የበሽታው ዓይነት ሁሉ አለ። ሰው ለመርዳት ይሄን ሁሉ ማየት አያስፈልገውም። ማስረጃ የግድ ከሆነ የሆስፒታሉ ማኅተምና ስሙ ይታይ፤ ሌላው በጣት ይሸፈን። ከዚህም በላይ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ተሰርቆ በሌላ ሰው የሒሳብ ቁጥር ሥር እንደገና ይለጠፋል። የእርስዎ አባት ሥዕል ይዞ የማያውቁት ሰው ይለምንበታል።

ለቅሶም እንደዚሁ። የእድር ጥሩምባ ሰፈሩ ድረስ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሰፈሩ ደግሞ ይተዋወቃል። ፌስቡክ ላይ «ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት» ሲባል ቤቱ በዚያ ሰዓት ባዶ መሆኑን የማይተዋወቀውም ይሰማል። የሠርግ ካርድ ፎቶም የሁለት ቤተሰብ ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘ ነው። መጥሪያው ለተጠሩት በግል ይላክ፤ ገጽ ላይ አይውጣ።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተም መብታችሁን ጠይቁ። «ልጄ፣ ያቺን ፎቶ አንሳት» ማለት ዘመኑን አለማወቅ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ሰው ታግ ሲያደርግዎ መጀመሪያ እርስዎ እንዲያዩት የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ «ፕሮፋይል ኤንድ ታጊንግ» ይባላል። የልጅ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቴሌግራም ላይ አሁኑኑ

ቴሌግራም የኛ ሰው ሁሉ ያለበት ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ያድርጉት፤ ቁጥርዎ በማውጫቸው የሌለ ሰዎች እንዳያዩት ነው። «ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» (አንዳንድ ስልክ ላይ «ኢንቫይትስ») የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት፤ ያኔ የማያውቁት ሰው «በቀን 5 ሺህ ብር ማግኛ» ግሩፕ ውስጥ አይጨምርዎትም። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ከፍተው የራስዎን ተጨማሪ ፓስወርድ ያስገቡ። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ኮዱን ተሸውደው ቢሰጡ እንኳ ሌባው ሁለተኛ በር ያጋጥመዋል። በመጨረሻ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። አካውንትዎ የተከፈተባቸው ስልኮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የማያውቁት ስልክ ካለ እዚያው ያባርሩት።

የፋይዳና የባንክ ደብተር ፎቶም ለሰው ከላኩ በኋላ ከቻቱ ላይ ያጥፉት፤ ሲያጠፉ ከሁለቱም ወገን እንዲጠፋ ምልክቱን ያድርጉ። የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥር ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚከተልዎ ነው፤ ግሩፕ ላይ አይጣል።

የወጣ ነገር ይመለሳል ወይ?

አንዳንዱ አይመለስም። በ2013 ዓ.ም ከ106 አገሮች የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥር ጭምር፣ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተበትኗል። አካውንት መዝጋት የተበተነውን አይሰበስብም። ስክሪንሾትም አይሰበሰብም። ግን ይሄ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የስልክ ቁጥርዎ መታወቁ ብቻውን አያዘርፍም፤ ወይዘሮ አስካለንም ያዘረፋቸው ስማቸው መታወቁ ሳይሆን ኮዱ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ድርጅት ስለ እርስዎ ምን እንደያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል፣ ሲገባም ማስጠፋት መብትዎ ነው። ስለ ጤና ያለ መረጃ የበለጠ ጥበቃ አለው። ስለዚህ ክሊኒክም ሆነ ሱቅ ከሚያስፈልገው በላይ ሲጠይቅዎ «ለምንድን ነው?» ማለት ይችላሉ። የልጅ ልጅ ቲክቶክ ላይ የለጠፈውን ለማስነሳት ግን ከአዋጁ ይልቅ የአያት ቁጣ ይፈጥናል።

አንድ ደስ የማይል ነገር ቀረ። ሞት። ሰው ሲሞት ፌስቡኩ አይሞትም፤ በየዓመቱ «ዛሬ ልደታቸው ነው» ይላል። በሟች ስም ገንዘብ የሚለምኑም አሉ። ፌስቡክ ላይ «ሌጋሲ ኮንታክት» በሚለው ውስጥ ከእርስዎ በኋላ ገጹን የሚጠብቅ ሰው መሰየም፣ ወይም እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ጉግል ላይ «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» አለ። ለተወሰነ ወር ካልተጠቀሙበት ለመረጡት ሰው መልእክት ይልካል፤ ፎቶዎቹንም እንዲያወርድ ይፈቅድለታል። ካልሰየሙ ደግሞ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊያጠፋ ይችላል፤ የልጅ ልጆቹ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ልጆችዎ ሳይሆኑ እርስዎ ይወስኑ፤ የሰየሙትን ሰው ስም ከፓስወርዱ ደብተር ላይ ይጻፉት።